ሂርና ላይ ቆመህ እየው

ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ የምጠብቀው ከትልቅ መንገድ ዳር ነው። ከተማዋ ፐርዝ ትባላለች፤ ከአውስትራሊያ ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ ያለች፣ ሰማይዋ ሰፊ፣ ሰዉ ዝምተኛ የሆነ አገር ናት። የትራፊክ መብራቱ ቀይ ሲሆን ሁለትና ሦስት ተሳቢ የሚጎትቱ ከባድ መኪናዎች ፊቴ ይቆማሉ። ሌላው ሰው ስልኩን ያያል፤ እኔ ጎማ አያለሁ።

እዚህ አገር በእያንዳንዱ የጎማ ብሎን ላይ ቢጫ የፕላስቲክ ቀስት ይሰካሉ። ቀስቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ጫፍ ለጫፍ ይተያያሉ። ብሎኑ መንገድ ላይ ከላላ ቀስቱም አብሮ ስለሚዞር ጫፎቹ ይለያያሉ፤ ሾፌሩ ከሩቅ አይቶ ያውቃል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ምንነቱን ማንም አልነገረኝም፤ መነገርም አላስፈለገኝም። እኛ ቤት ይህ ሥራ የሚሠራው በቀይ የጥፍር ቀለም ነበር። ቀቢዋም እኔ ነበርኩ።

አባቴ ጭሮ ላይ ጎሚስታ ነበር። እሱ ራሱ ግን እስከ ዛሬ በድሮ ስሟ አሰበ ተፈሪ ነው የሚላት። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር የሚያልፍ መኪና ሁሉ ከተማችንን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ስለሚሄድ፣ ከመንገዱ ዳር በቆርቆሮ የታጠረው ግቢያችን ከመኪና ተለይቶ አያውቅም። ሲሚንቶ የጫነ ይመጣል፣ እህል የጫነ ይመጣል፣ ነዳጅ የጫነ ይመጣል። ግቢው ውስጥ አንድ የሚያጓራ ኮምፕሬሰር፣ የካላማዳሪ፣ የጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ቀዳዳ የሚፈለግበት በቁመቱ የተሰነጠቀ የውሃ በርሜል፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የጎማ ክምር ነበረ። ከሁሉ ግን የአባቴ ኩራት ከሞተ መኪና ላይ አስፈትቶ፣ አንድ ጫፉን የሲሚንቶ ምሰሶ ውስጥ ቀብሮ በአግድም የተከለው አክስል ነበር።

የጎማ ባላንስ የሚያወጣው በዚያ ነው። ጎማውን ከነቸርኬው አክስሉ ጫፍ ላይ ይሰቅልና በእጁ ገፋ አድርጎ ይለቀዋል። ጎማው ዞሮ ዞሮ ሲቆም ከባዱ ጎኑ ወደ ታች ይሆናል። አባቴ እዚያ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል፤ በተቃራኒው ጎን ቸርኬው ላይ ትንሽ እርሳስ ይመታበታል፤ እንደገና ያሽከረክረዋል። ሦስት ጊዜ ተሽከርክሮ ሦስቱንም ጊዜ ሌላ ሌላ ቦታ ላይ የቆመ ጎማ ተመጣጥኗል ማለት ነው። «አሁን ከባድ ጎን የለውም፤ የትም ይተኛል» ይላል። ትዕግሥቱ የሚገርም ነበር። ሾፌሮቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ጫታቸውን እያኘኩ ሲነጫነጩ እሱ አይሰማም።

አባቴ ብቻውን አልነበረም። ሸሪክ ነበረው። ወደ ቦኬ በኩል የተወለደ፣ ሰላቱን የማያሳልፍ፣ ቀጭን ረጅም ሙስሊም። እንደ ኦሮሞዎቹ ልጆች አዴራ እያልኩ ነው የምጠራው፤ የአባት ወንድም ማለት ነው። የአዴራ ጥበብ ጆሮው ላይ ነበር። ከኋላ መንታ ሆነው የሚታሰሩትን ጎማዎች በእንጨት መዶሻ መታ መታ እያደረገ በመኪናው ዙሪያ ይሄድና፣ የውስጠኛው ጎማ ነፋሱ ጎድሎ እንደሆነ ከድምፁ ይለያል። ውጪኛው ሞልቶ ውስጠኛው ከጎደለ ጭነቱ ሁሉ አንዱ ላይ ይወድቃል፤ ቁልቁለት ላይ ይግልና ይፈነዳል። ሾፌሮች መለኪያ አምጥተው ሊፈትኑት ይሞክሩ ነበር። መለኪያውም እሱ ያለውን ሲል፣ «ወላሂ፣ ይቺ ዕቃ ጎበዝ ናት፤ ማን አስተማራት?» ይላቸዋል።

ሁለቱ የገቡት ስምምነት በወረቀት የተጻፈ አልነበረም። ጾም የያዘ ሰው ከባድ ብረት አያነሳም የሚል ነበር። ረመዳን ሲመጣ ከቀትር በኋላ ያለውን ሥራ አባቴ ለብቻው ይሸከማል፤ አዴራ ጥላ ሥር ተቀምጦ ካላማዳሪ ይለጥፋል። ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ አባቴ ሱባኤ ስለሚገባ አዴራ ሁለቱን ሳምንት ግቢውን ይይዛል። ዓርብ ጁምዓ፣ እሑድ ቅዳሴ፣ ዓረፋ፣ ጥምቀት። ያ ግቢ በዓመት ውስጥ ተዘግቶ የዋለበትን ቀን አላስታውስም።

ሌላም ሕግ ነበራቸው። ያጠበቀ አይቀባም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎማ ተፈትቶ ሲታሰር፣ አስሩን ብሎን አንዱ ሰው በረጅሙ መፍቻ ያጠብቃል። ከዚያ ሌላ ሰው፣ ያላጠበቀው፣ መፍቻውን ይዞ አንድ በአንድ ዞሮ ይሞክራል። ሁሉም እምቢ ካለው ብቻ ከብሎኑ ጀምሮ እስከ ቸርኬው ድረስ አንዲት ቀይ መስመር ያሰምራል። ከዚያ ሾፌሩ ይነገረዋል፤ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ከሆነ «ሂርና ላይ ቆመህ እየው»፣ ወደ አዋሽ የሚወርድ ከሆነ «ቦርደዴ ላይ ቆመህ እየው»። አዲስ የታሰረ ጎማ ጥቂት ከሄደ በኋላ ብሎኑ ይለግማል፣ ላላ ይላል፤ እዚያ ቆሞ መስመሩ ተሰብሮ እንደሆነ ማየትና ማጥበቅ አለበት። ደኅና ከሆነ ሾፌሩ ደውሎ «ቀለሙ ቀጥ ብሏል» ይላል። ይህች አነጋገር ቤታችን ውስጥም ገብታ ነበር። እናቴ ከሐኪም ቤት ስትመለስ እንኳ ምን አሉሽ ስንላት «ቀለሙ ቀጥ ብሏል» ብላ ታስቀን ነበር።

ከሁለቱ አንዱ በጾም ወይም በበዓል ሲጎድል ሁለተኛው ዓይን እኔ ነበርኩ። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ከተማው ውስጥ የኮሌጅ ትምህርት የምከታተልበት ጊዜ ነው። ለጥፍሬ ቀለም ነክቼው አላውቅም፤ ለእኔ ዓይነቷ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነውር ነበር። ግን በወር በወሩ አንድ ብልቃጥ ቀይ እገዛለሁ። ባለሱቋ ጣቶቼን እያየች፣ ይቺ ልጅ የት ነው የምትቀባው ብላ ለጎረቤቷ እንዳማችኝ ሰምቻለሁ። ሾፌሮቹም አይለቁኝም ነበር። አንዱ፣ «ጎማዬን ሙሽራ አደረግሽው፤ ሚስቴ እንኳ እንዲህ ተቀብታልኝ አታውቅም» ብሎኝ አዴራ በመዶሻው እጀታ ገፋ አድርጎ አባረረው።

አባቴ እኔ ያየሁትን ደግሞ አያየውም ነበር። «አንቺ ካየሽው አየሁት» ይላል። ያችን ቃል ስሰማ ልቤ ሙሉ ይሆን ነበር። አሁን ስጽፋት ደግሞ ታመኛለች።

ያን ዓመት ፍልሰታ አባቴ እንደ ልማዱ ከማለዳው ቤተ ክርስቲያን ገባ። እኔም እየጾምኩ፣ ውዳሴዬን እየደገምኩ ከረምኩና ከሱባኤው ቀናት በአንዱ ልቆርብ ተዘጋጀሁ። ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። አባቴ ሲወጣ፣ አዴራ ብቻውን ስለሆነ እስከ ደወሉ ግቢው ውስጥ እንድቆይ ነገረኝ። ደስ አላለኝም። ነጭ ቀሚሴን ለብሼ፣ ትናንት አጥቤ የተኮስኩትን ነጠላ ተከናንቤ፣ ከግሪሱና ከጎማው ርቄ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ዳዊቴን ይዤ ተቀመጥኩ። በሆዴ፣ ልቆርብ በምሄድበት ቀን ጎማ አስጠባቂ ታደርገኛለህ ወይ ብዬ አባቴን ታዝቤው ነበር።

ወደ ሐረር የሚሄድ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ቆሞ ነበር። በግራ በኩል የውስጠኛው ጎማ ተበስቶ፣ አዴራ መንታዎቹን ፈትቶ፣ ለጥፎ፣ መልሶ ሰቅሏቸዋል። ብሎኖቹን ማጥበቅ እንደጀመረ አንድ የጫት መኪና የፊት ጎማው ፈንድቶ እየተንሻፈፈ ገባ። የጫት ሾፌር እንዴት እንደሚቸኩል የሐረርጌ ሰው ያውቃል፤ ጫት ሰዓቱ ካለፈ ድርቆሽ ነው። ወርዶ በኦሮምኛ ይጮህ ጀመር። አዴራ ጥቂት ታገሠ፣ ከዚያ መፍቻውን ጎማው ላይ ደግፎ ወደዚያኛው ሄደ። ሲመለስ የት እንዳቆመ ረሳው መሰለኝ፤ አንድ ሁለቱን ነካ ነካ አድርጎ፣ ሰውየው እንደገና ሲጠራው ወደ እኔ ዞረ።

«ኢንተለ ቲያ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። «ጨርሻለሁ። ዙሪና እዪው፤ ከዚያ ይሂድ።»

በዚያው ቅጽበት ደወሉ ተደወለ።

መፍቻው ከላይ እስከ ታች ግሪስ ነበር። ብሎን ለመሞከር በሁለት እጅ ይዘው፣ ደረታቸውን አስጠግተው፣ በሰውነታቸው ክብደት ነው የሚጫኑት። ነጠላዬን አየሁ። ብልቃጡን ከኪሴ አወጣሁ። ቆሜ፣ ክንዴን ዘርግቼ፣ ቀሚሴ ጎማውን እንዳይነካ በግራ እጄ ሰብስቤ፣ አስሩንም መስመር አሰመርኩ። ያማሩ መስመሮች ነበሩ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ቀጥ ያለ አስምሬ አላውቅም። ለሾፌሩ «ሂርና ላይ ቆመው ይዩት» አልኩት፤ እሺ ብሎ ወጣ። እኔም ሮጥኩ። ደረስኩ። ቆረብኩ።

ወደ ሂርና በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ፣ ከተማዋ ሳይደርስ፣ ሁለቱም ጎማዎች ወለቁ። መኪናው በአክስሉ መሬቱን እያረሰ ሄዶ የተራራውን ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። አንደኛው ጎማ መንገድ ላይ ወደቀ፤ ሌላው ማሽላ እየጨፈለቀ ገደሉን ወረደ። ማሽላው መሃል ሰው አልነበረበትም። ሾፌሩ ክንዱ ተሰበረ እንጂ ነፍሱ ተረፈች። ለዚህ አምላኬን በየቀኑ አመሰግናለሁ። ማመስገኔ ግን ሌላውን አይሽረውም።

የአደጋው ወሬ በስልክ የመጣው እኔና አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ግቢው በር ላይ ስንደርስ ነው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አዴራ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር፤ ሲጨርስ የጎማዎቹን መውለቅ ለአባቴ ነገረው። አባቴ ፊቱን ሁለቴ በመዳፉ አበሰ።

የቆረበ ሰው አፉን በነጠላ ይሸፍናል። እስከ ማግስቱ ብዙ አይናገርም፣ አይጣላም፣ አይምልም። እኔም እንደ ሥርዓቱ ተሸፍኜ ነበር። አባቴ ወደ እኔ ዞር አለና ፊቴን ሲያይ መለስ አለ። «እሷ ዛሬ የቆረበች ልጅ ናት፤ በዚህ ነገር አላናግራትም» አለው። «ሸሪኬ፣ አንተ ንገረኝ። አሳይተሃታል ወይስ አላሳየሃትም?»

አዴራ አየኝ። ረጅም አስተያየት አልነበረም። በነጠላዬ ሥር ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ይታወቀኛል፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ልናገር ብል ሥርዓት አፈርሳለሁ አልኩ ለራሴ። ነገ እናገራለሁ አልኩ። እግዚአብሔርን መሸሸጊያ ያደረግሁበት ቀን ያ ነው።

«አላሳየኋትም» አለ አዴራ። «ቸኩዬ ነበር። ራሴ አጥብቄ ራሴ ቀባሁት።»

አባቴ የላላ ብሎን ይቅር ይል ነበር። እጅ ይደክማል፣ ሰው ይረሳል፤ ሁለተኛ ዓይን የተፈለገውም ለዚያ ነው። ራሱ አጥብቆ ራሱ የቀባን ግን ይቅር የሚልበት ቦታ አልነበረውም። ያ ለሾፌሩ መዋሸት ነው። ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም። ሃያ ዓመት አብረው ሠርተው፣ «ከዛሬ ጀምሮ በቀለምህ ላይ ሰው አላሳፍርም» ብቻ አለው። አዴራ ለፖሊስም ያንኑ ቃል ሰጠ። በሳምንቱ ዕቃውን በአህያ ጋሪ ጭኖ ወጣ፤ መዶሻውን ብቻ በእጁ ይዟት ነበር። ወደ ቦኬ፣ ወደ ሚስቱ መሬት ሄደ አሉ።

ነገ እናገራለሁ ያልኩት ነገ አልመጣም። በማግስቱ ፖሊስ ነበር። በሳልስቱ አባቴ ታሞ ተኛ። ከዚያ አዴራ ሄዷልና ብናገር ምን ይለወጣል አልኩ። ሰው ራሱን የሚያታልልበት ቃል አያልቅበትም።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። አልደበቅሁም። ለአርባ ቀን ጠዋትና ማታ አርባ አርባ ስግደት ሰጡኝ፤ ከዚያም፣ «ይህ የአንቺና የእግዚአብሔር ነው። ሁለቱ ሰዎች መሃል ያስቀመጥሽውን ግን ራስሽ ሄደሽ አንሺው» አሉኝ። አርባው ቀን ሲያልቅ ሌላ አርባ ጨመርኩ። ጉልበቴ ቆሰለ። ያላዘዙኝን ጾም ጾምኩ። ያዘዙኝን አንዷን ነገር ግን አላደረግሁም፤ ስግደቱን ባበዛሁ ቁጥር እሷ የምትቀንስ መስሎኝ ነበር።

ግቢው ውስጥ ደግሞ ጥንቁቅ ሆንኩ። አንድን ብሎን ሦስት ጊዜ ነበር የምሞክረው። ሾፌሮቹ፣ «እባክሽ፣ የሚታሰረው ጎማ ነው እንጂ ሌባ አይደለም» ይሉኝ ነበር። አባቴ ያየኝና ደስ ይለዋል። «እሷ ካየችው አየሁት» ይላቸዋል። እዚህም አገር፣ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ፣ የሽማግሌዎቹን መድኃኒት ቆጥሬ ደግሜ የምቆጥር እኔ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር ሲኖር ለእሷ ስጧት ይላሉ። ከየት እንደተማርኩት የሚያውቅ የለም።

አግብቼ ወደዚህ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። አባቴና አዴራ ግን በጠቅላላው አስራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም። አንድ ጊዜ ሂርና ገበያ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጥመው፣ አባቴ መንገድ እንደቀየረ ታናሽ እህቴ ነግራኛለች። ግቢው ተቀጣሪ ተቀያየረበት፤ ነገር ግን ያን ጆሮ ይዞ የመጣ አልነበረም። የአባቴም ዓይን እየፈዘዘ ሲሄድ ተዘጋ። አክስሉ ብቻ እስካሁን ሲሚንቶው ውስጥ ቆሟል፤ እህቴ ልብስ ታሰጣበታለች።

ባለፈው ዓመት ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የአባቴ ወረፋ ደረሰ። ሐኪሙ የሰጠውን ወረቀት እህቴ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፤ ከሥሩ የአባቴ ድምፅ ነበረ። ወረቀቱን አይቼ፣ የስኳር በሽታ መድኃኒቱ ከቀዶ ሕክምናው ጋር ይስማማ እንደሆነ እንድነግረው ይጠይቃል። መጨረሻው ላይ፣ «እህትሽ ደግማ ለሐኪም ታሳይ ትላለች፤ እኔ ግን አንቺ ካየሽው አየሁት ብያታለሁ» ይላል።

ያን ጠዋት አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ነበርኩ። መብራቱ ቀይ ሆኖ፣ ፊቴ ቢጫ ቀስቶቹ ሁሉ ጫፍ ለጫፍ የተያዩ መኪና ቆሞ ነበር። ሥራ ውዬ ስመለስ፣ እዚያ ከቀትር በኋላ ሲሆን፣ ደወልኩ።

«አባዬ፣ ወረቀቱን አይቼዋለሁ፤ ግን እኔ ያየሁትን እንዳታምን» አልኩት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። መፍቻውን፣ ደወሉን፣ ነጠላዬን።

ከጀርባው የባጃጅ ድምፅ ይሰማኛል።

«ከአስሩ ስንቱን ሞከርሽ?» አለኝ።

«አንዱንም።»

«ነጠላሽ ላይ አንዲት ነጥብ ግሪስ አልነበረም» አለ ቀስ ብሎ። «ያን ለታ አይቼዋለሁ። አላሳየኋትም ሲለኝ ያመንኩት ለዚያ ነው። ይቺ ልጅ ጎማ አልነካችም ብዬ።» ከዚያ ደኅና ዋይ ብሎኝ ዘጋው።

በዚያው ሳምንት የቦኬ ገበያ ቀን ሲደርስ እህቴን ምሪኝ አላት። ሐኪሙ አቧራ እንዳይነካህ ብሎት ነበር፤ አልሰማም። የሄዱት በሚኒባስ ነው፤ የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት። አዴራ ገበያው ዳር ሸራ ወጥሮ የባጃጅና የሞተር ካላማዳሪ ይለጥፋል። ውሃ የሞላ ሳፋ ፊቱ አስቀምጦ ቀዳዳ ይፈልግ ነበር። አባቴ ከሸራው ጥላ ውጪ ቆመ። ምን እንደሚል መንገዱን ሙሉ ሲለማመድ ነበር አለች።

አዴራ ቀና ብሎ አየው። እጁን ከሳፋው አውጥቶ በጭኑ ላይ አደረቀ።

«አቦ» አለው፣ «አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ሂርና ላይ ሳትቆም ነዳህ?»

አባቴ መሬት ላይ ተቀመጠ። እህቴ፣ ሲስቅ ነው ብዬ ነበር አለች፤ ግን እንባውም ይወርድ ነበር። አዴራ ሻይ አዘዘለት። የነገርኩትን ሁሉ አባቴ ሲደግምለት እስከ መጨረሻው አልሰማውም፤ «ያላጠበቅሁት እኔ፣ ያላየችው እሷ፣ ያልጠየቅሃት ደግሞ አንተ፤ ሦስታችንም አንድ ጎማ ላይ ነበርን» አለው። አባቴ ተመለስ ሲለው ግን አዴራ እጁን ዘርግቶ አሳየው። ጣቶቹ በሪህ ታጥፈዋል። ረጅሙን መፍቻ መያዝ አይችሉም።

ስልክ ቁጥሩን ከእህቴ ተቀብዬ ለአዴራ ደወልኩለት። ድምፁ አልተለወጠም። የአውስትራሊያን ብርድ ጠየቀኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ «እኔ ሰላቴን እንደማደርስ ሁሉ አንቺም ጸሎትሽን ታደርሻለሽ ወይ?» አለኝ። ይቅርታ ስጠይቀው፣ «አላህ ይቅር ይበልሽ፣ እኔ ያኔ ብያለሁ» አለኝ። ለምን ለእኔ ብሎ እንደዋሸም ጠየቅሁት።

«አንቺ ልጅ ነሽ፤ ፖሊስ ጣቢያ ወስደው ቃል ስጪ እንዳይሉሽ ነው» አለ። «ለአንድ ቀን ብዬ ነበር። ማታ ትነግረዋለች አልኩ። እኔ ጠበቅሁ። ሳምንት ጠበቅሁ፤ ጋሪውን የጫንኩት ከዚያ በኋላ ነው።»

ከስግደቱ ሁሉ፣ ከጾሙ ሁሉ ይልቅ ይህች ቃል ከበደችኝ። ሳምንት ሙሉ፣ እዚያ ግቢ ውስጥ ዕቃውን እየሰበሰበ፣ እኔ በር ላይ ባለፍኩ ቁጥር ቀና ይል ነበር። ሲያፍር ነው ብዬ ነበር።

አሁን ሁለቱ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይደዋወላሉ። አዴራ ሚኒባስ አግኝቶ ጭሮ ሲወጣ አክስሉ አጠገብ ተቀምጠው ይውላሉ አለችኝ እህቴ። መንገዱ ላይ የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ብቻ፣ ይሄ የውስጡ ጎድሏል፣ ይሄ ባላንሱ ሄዷል እያሉ ይወራረዳሉ። ደስ ይለኛል። እዚያ መሃል ግን እኔ የለሁበትም።

አባቴ ቂም አልያዘብኝም። በየሳምንቱ ይደውላል፤ የልጆቼን ድምፅ ይሰማል፤ ይመርቀኛል። ግን ወረቀት መላክ አቆመ። የቀዶ ሕክምናው፣ የስኳሩ፣ የቤቱ ግብር፣ ሁሉም ወደ እህቴ ሄደ። «አንቺ ካየሽው አየሁት» የምትለዋን ቃልም ደግሞ አላለኝም። እኔም አልጠየቅሁም። እምነትም ተፈትቶ ሲታሰር ጥቂት መንገድ ከሄደ በኋላ ይለግማል፤ ያን ከእሱ ነው የተማርኩት።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ስልኬ ላይ ፎቶ መጣ። የዓይን ጠብታ ብልቃጥ ነው። የእህቴ እጅ ሳይሆን የእሱ እጅ ነው የያዘው፤ በቀዶ ሕክምናው አንድ ዓይኑ ተከፍቶለት ራሱ አንስቶታል፤ የፎቶው ግማሽ አውራ ጣት ነው። ከሥሩ ድምፁ ነበር።

«ይቺን ጠብታ እያት» ይላል። «በቀን ስንቴ እንደሆነ ንገሪኝ። አንቺ ካየሽ በኋላ ለእህትሽ ላኪላት። እሷም ትያት።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የብልቃጡን ጽሑፍ አጉልቼ አነበብኩት፤ ደግሜ አነበብኩት። በቀን አራት ጊዜ፣ አንድ አንድ ጠብታ። ጻፍኩለት። ከዚያ ለእህቴ ላክሁና፣ አንቺም እዪው አልኳት። እህቴ አይቼዋለሁ ብላ እስክትመልስ ድረስ ስልኩን ከእጄ አላስቀመጥኩም።